አበልጄ አውሮፕላኗን ሲዞር

ነገሩ በጠቅላላው ያስከፈለኝ አንድ በርሜል የአውሮፕላን ነዳጅ፣ አንድ ዓመት ሙሉ የገበያ መሳቂያ መሆንና አንድ አበልጅ ነው። ነዳጁን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ገበያውም የሚስቅበት ሌላ ሰው አግኝቷል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሳቅበት ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አበልጄን ግን በምንም ልተካው አልቻልኩም።

እኔ የቅቤና የማር ነጋዴ ነኝ። የቀለም ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን የተማርኩት ጉንደ ወይን ገበያ፣ መርጡለ ማርያም ገበያና ደጀን ላይ መኪና ተበላሽቶ ሜዳ ላይ ሳድር ነው። ቅቤ ስገዛ በኮባ የተጠቀለለውን ፈትቼ ላዩን አይቼ አላምንም። ቀጭን እንጨት እስከ መሀሉ እሰካለሁ፣ እመዛለሁ፣ አሸታለሁ፣ በጣቴ አሽቼ አያለሁ። ላዩ ለጋ ሆኖ መሀሉ ድንች የሆነ ቅቤ አይቻለሁ። ሙዝ የሆነም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ድንጋይ አግኝቻለሁ፤ እሱ እንኳ ለሚዛን ነው፣ ይገባኛል።

ይሄን ሁሉ የማደርገው ግን ለባዳ ነው። የዘመድ ቅቤ፣ የማኅበርተኛ ቅቤ፣ በተለይ ደግሞ የአበልጅ ቅቤ እንጨት አይሰካበትም። እንጨቱን ካወጣህ «ሌባ ነህ» እንዳልከው ይቆጠራል። ልጅህን ክርስትና ያነሳ ሰው መሀሉ ድንች የሆነ ቅቤ ቢሰጥህ ተቀብለህ፣ አመስግነህ፣ ቤትህ ገብተህ በርህን ዘግተህ ትሳደባለህ እንጂ ፊቱ ላይ አትፈትሽም። ሥርዓታችን ይሄ ነው። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው።

አውሮፕላኗ የመጣችው በመስከረም አጋማሽ ነው። አዲሱ ማረፊያ ያኔ ገና አልተሠራም፤ ሜዳው ከብት ይግጥበታል። ትንሽ፣ ነጭ፣ ባለ አንድ ሞተር ነበረች፤ ክንፏ ከላይ ሆኖ ሆዷ ሥር ካሜራ ተገጥሞላታል። የመሬት ካርታ ልታነሳ ነው የመጣችው። የላካት ድርጅት ነዳጅ ከአዲስ አበባ የሚያመላልስና የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልግ ነበር። ወኪላቸው ወረቀትና ብዕር ይዞ መጋዘኔ ድረስ መጣ።

«መኪና አለህ?»

«አይሱዙ አለኝ።»

«አጥር ያለው ግቢስ?»

«ከሜዳው አጠገብ ነው፣ ይሄው።»

«ዘበኛ?»

«አለ። ጨካኝ ነው።»

ዘበኛው እኔ ነበርኩ። ሥራውን ሰጠኝ።

አብራሪው የድሬዳዋ ልጅ ነው። ከእኔ ቢበልጥ ሁለት ሦስት ዓመት ነው፤ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ድሬዳዋ ላይ «አንቱ» የሚባል ነገር የለም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በመጣ በማግስቱ ከሜዳው ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚያስተምሩት አባት፣ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው፣ አውሮፕላኗን ሊያዩ በመቋሚያ ተደግፈው ብቅ አሉ። «ና አባባ፣ ቅረብ፣ አትነክስም» አላቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የኔታ ግን ሳቁ።

«ተወው፣ አትቆጣው» አሉኝ። «እግዚአብሔርንስ አንተ አይደል የምንለው?»

የመጀመሪያው ቀን ለእኔ የሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ነው። «በርሜሎቹ በጎናቸው ይተኙ። ክዳናቸው ወደ ጎን ይሁን። ዝናብ አያግኛቸው።»

«ይንከባለላሉ» አልኩት።

«ድንጋይ አስደግፋቸው።»

አስደገፍኳቸው። የመጋዘኔ በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ቅቤና ማር ከማስቀምጥበት በር አጠገብ ተኙ።

ጠዋት ጠዋት፣ በረራ ይኑር አይኑር፣ አውሮፕላኗን ይዞራታል። ከበሩ ይጀምርና እጁን ከአካሏ ሳያነሳ ወደ ጭራዋ ይሄዳል። ብሎን ይነካል። ጭራዋ ላይ ያለውን የሚንቀሳቀስ ነገር ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የክንፏን ጠርዝ በመዳፉ ይዳስሳል፤ እኔ ለፋሲካ የበግ ወገብ እንደምዳስሰው ነው። ጎማዋ ሥር ይንበረከካል። የሞተሯን መክደኛ ከፍቶ ወፍ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ በባትሪ ያያል። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ይመዛል፣ ይጠርጋል፣ ይከታል፣ እንደገና ይመዛል። አንዲት ቀጭን ቱቦ ላይ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ክዳን አለ፤ እሱን አውልቆ ቱቦዋን በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል። መጨረሻ ላይ ከኪሱ ግልጽ የፕላስቲክ ብርጭቆ ያወጣል። በክንፏ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ሲገፋት ነዳጁ ይወርድለታል። የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ነው። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ያነሳና ያየዋል። ውሃ ካለበት ውሃው ከታች ይቀመጣል፣ ክብልል ብሎ፣ እንደ ዓሣ ዓይን።

ብርጭቆውን መጀመሪያ ሳየው ወዲያው ገባኝ። እንጨት መስካት ነው። ባዳ ስለነበርኩ አልከፋኝም፤ እንዲያውም አከበርኩት። ይሄን ሰው ገበያ ላይ ማንም አያታልለውም አልኩ ለራሴ።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጭራዋ ጋ ሲደርስ «ካፒቴን፣ ቁርስ እንቁላል ይሁን ፍርፍር?» ብዬ ጮህኩ። እጁን አነሳ፣ ወደ በሩ ተመለሰ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ያስቀየምኩት መስሎኝ ተጠግቼ «አልሰማኸኝም እንዴ?» አልኩት። አሁንም ክንፏ ጋ ደርሶ የነበረ ሰው ወደ በሩ ተመለሰ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና «እንቁላል» አለኝ።

«ለምን ከመጀመሪያው ትጀምራለህ?»

«ስትጠራኝ የት እንደነበርኩ ይጠፋብኛላ።»

«ጭራዋ ጋ ነበርክ። እኔ አይቼሃለሁ።»

«የምበርረው ግን እኔ ነኝ።»

ይሄን ለየኔታ ስነግራቸው አልሳቁም። «ዳዊት የሚደግም ልጅ መሀል ላይ ከተደናቀፈ ከላይ ነው የማስጀምረው» አሉ። «ልጁም ‹የኔታ፣ እሱን እኮ አውቀዋለሁ› ይለኛል። አውቀዋለሁ ያለው ቦታ ላይ ነው ሁልጊዜም የሚስተው።» ከዚያ ወዲያ ሰፈርተኛው ካፒቴን ሲዞር አይጠራውም። ውሃ ቀድተው የሚያልፉ ሴቶች ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። አንዲት ባልቴት እንዲያውም ጸሎት መስሏቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ያስጨርሱት ነበር። እኔም አላረምኳቸውም።

መስከረም ከጠባ ሰማዩ ይከፈታል ብለው ነበር የላኩት። አልተከፈተም። ካሜራ ደግሞ ደመና አይወድም። ሁለት ሳምንት የተባለው ወር ሆነ፣ ወሩ ሌላ ወር ጨመረ። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ይበርርና ደመናው ሲያባርረው ይመለሳል። የቀረውን ቀን ከእኔ ጋር ነው። ዝናብ ሲመጣ ጀሪካን ገልብጠን ክንፏ ሥር እንቀመጣለን፤ ጠብታው ከላያችን ክንፏን ይደበድባል።

እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሰው ሲያናግረኝ ዋጋ ሲጠይቀኝ ነው። ሚስቴ እንኳ ሰላምታዋ «ምን ሸጥክ?» ነው፤ አልወቅሳትም፣ እኔ ነኝ ያስለመድኳት። ይሄ ሰው ግን ምንም አይሸጥልኝም፣ ምንም አይገዛኝም፣ ቁጭ ብሎ ያወራኛል። እኔ ሚዛን እንዴት እንደሚዋሽ አስረዳዋለሁ፤ እሱ የትኛው ደመና እንደሚዋሽ ያሳየኛል። አረቄ ስቀዳለት በእጁ ይመልሳል። «ነገ ቢከፈትስ?» ይላል። ሁለት ወር ሙሉ፣ በየማታው፣ «ነገ ቢከፈትስ?» የእሱን ድርሻ ስጠጣለት ከረምኩ።

አንድ ቀን የዓባይ በረሃ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ጠየቅኩት። ደጀን ላይ ቆሜ ቁልቁል ያየሁትን ቁጥሩን አላውቀውም፤ የጋለ ፍሬን ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከላይ ግን አይቼው አላውቅም።

«መሬቱ እንቅልፉ መጥቶ እንደሚያዛጋ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ትርፍ ወንበር አለ። ሰማዩ የተከፈተ ቀን ትመጣለህ» አለ።

ሚስቴ በመስከረም መጨረሻ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ዐርባ ቀኑ ሲሞላ ክርስትና የሚያነሳልኝ ሰው መፈለግ አላስፈለገኝም። ካፒቴን ልጁን ሲታቀፈው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጣቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ነው።

«ሙሉ ነው?» አልኩት።

«ሙሉ ነው። ቅባቱ ብቻ ነው የቀረው» አለ። አጠገባችን የቆሙት የኔታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እንዲህ አድርገን አበልጅ ሆንን። በዚያው ሰሞን የነዳጅ ማጠራቀሚያዋን ክዳን ሁለተኛ ቁልፍ ሰጠኝ፤ አንዱ ከእሱ፣ አንዱ ከእኔ። ቁልፏን ከመጋዘኔ ቁልፍ ጋር አብሬ አሰርኳት። የከተማ ቦታ ካርታ የተሰጠኝ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

በክርስትናው ማግስት ጠዋት ግን ያንን ብርጭቆ አወጣ።

ቆሜ አየሁት። ትናንት ልጄን ያነሳ ሰው ዛሬ በነዳጄ ላይ እንጨት ይሰካል? ቀን ቆጥሬ፣ ይተዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልተወም። በመጨረሻ ቁርስ ላይ ነገርኩት።

«አበልጄ፣ ይሄ ነገር አሁንማ ይቅር።»

«የቱ?»

«ብርጭቆው።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «አንተን አይደለም እኮ የማየው፣ ነዳጁን ነው።»

«ነዳጁ የእኔ ነው።»

«እኔስ የማን ነኝ?» አለና እንጀራውን ጠቀለለ። ቅሬታዬ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ገበሬው ደንግጦ ጤፉን በርካሽ አወረደው። እኔ ደግሞ ርካሽ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ሐኪም የማያውቀው በሽታ ነው። የገዛሁትን ጤፍ በጆንያ በረንዳው ላይ ደረደርኩት። ቦታ ስላልበቃኝ የቀሩትን ሦስት በርሜሎች ወደ ግቢው አውጥቼ አቆምኳቸው፤ ቆሞ የሚይዘው ቦታ ተኝቶ ከሚይዘው ግማሽ ነው። ላያቸው ላይ ፕላስቲክ አለበስኩ። ፕላስቲኩን በሁለተኛው ቀን ነፋስ ወሰደው። ክዳናቸው ጥብቅ ነው፣ ውሃ በየት በኩል ይገባል ብዬ ተውኳቸው። ለአበልጄ አልነገርኩትም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ አልጠየቀኝም።

ከሳምንት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ተከፈተ። ደመናው እንደ ተጠቀለለ ሰሌን ወደ ጮቄ በኩል ተነሳ። አበልጄ ነገ ማለዳ ለመብረር ፈቃድ ለመጠየቅ ስልክ ወደሚሠራበት ወደ ከተማ ወረደ። እኔ ሲመለስ ሁሉን አዘጋጅቼ ላስደስተው አሰብኩ። ከቆሙት በርሜሎች አንዱን በጋሪ ወሰድኩ፣ መሰላል አቆምኩ፣ በእጅ ፓምፕ ሞላሁላት። የፓምፑ ጫፍ ላይ ውሃ የሚያስቀር የማጣሪያ ጨርቅ ይደረጋል፤ ጨርቁ ደግሞ ነዳጁን እንደ መነኩሴ ነው የሚያሳልፈው፣ ቀስ እያለ። ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ጨርቁን አወጣሁት።

«ሞልቼልሃለሁ» አልኩት ሲመጣ።

«በማጣሪያው?»

«ታዲያ በምን?» አልኩ። ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

በማግስቱ ሰማዩ አንዲት ነጥብ ደመና አልነበረበትም። ለገበያው ሁሉ «ነገ እበርራለሁ» ብዬ ስለነበር ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። የሠርጌን ኮት ለብሻለሁ፤ አልቆለፍ ብሎኝ ሆዴን ስቤ ነው የያዝኩት። ሚስቴ ልጁን ታቅፋ ከሜዳው ጫፍ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማለች። የኔታም መጥተዋል። ቅቤ የምታመጣልኝ አንዲት የጉንደ ወይን ሴትዮ ከመሀል ሆና ትጮኻለች።

«ከላይ ስትመለስ የመላእክትን ቅቤ ይዘህልን ና! ያንተን ሰልችተናል!»

«አንቺ የምታመጪው ነው እኮ!» አልኳት። ሳቅ ሆነ።

አበልጄ ዙሩን ጀመረ። ሰዉ ዝም አለ። በሩ፣ ጭራው፣ ክንፉ፣ ጎማው፣ ሞተሩ፣ ዘይቱ፣ ቱቦው። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ይህ ሁሉ ገበያ ያያል። ሁሉም ደግሞ እንጨት መስካት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሮጬ ተጠጋሁት።

«አበልጄ፣ ዛሬን ብቻ። በልጁ ይዤሃለሁ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ። እኔው ነኝ የሞላሁት።»

አላየኝም። እጁን ከኪሱ አወጣ፣ ወደ በሩ ተመለሰ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ አሁንም ይሰማኛል፤ ክፋት እንኳ አልነበረበትም። እኔ ኮቴን ይዤ መሀል ሜዳ ላይ እንደ ተተከልኩ ቀረሁ። እሱ ያንን ሁሉ ደግሞ ዞሮ ክንፏ ሥር ደረሰ፣ ብርጭቆውን አውጥቶ ቀዳ፣ ወደ ፀሐይ አነሳ።

ሰማያዊው ከላይ ሁለት ጣት ያህል ነው። ከታች ያለው ሁሉ ውሃ ነው።

ደፋውና እንደገና ቀዳ። ውሃ። ሦስተኛ ቀዳ። ወደ ሌላው ክንፍ ሄዶ ቀዳ። ውሃ። መጀመሪያ የገባት ያቺ ሴትዮ ናት።

«እሰይ!» አለች። «በየሳምንቱ ቅቤያችን ላይ እንጨት እየሰካ ሲያዋርደን የኖረ! የእሱ ውሃ ሆኖ ተገኘ!»

አበልጄ ወደ እኔ መጣና በጣም ተጠጋኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። ማንም እንዳይሰማ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

«በርሜሎቹ ተኝተዋል?»

«ተኝተዋል!» አልኩ፤ እኔ ደግሞ ሁሉ እንዲሰማ። «ማታ መጥቶ የነካት ሰው ካለ አንተ ታውቃለህ። ቁልፉ ሁለት ነው።»

ፊቱ አልተለወጠም። ልክ ዙሩ መሀል ላይ እንደተጠራ ሰው ጥያቄውን እንደገና ከላይ ጀመረ።

«አበልጄ፣ በርሜሎቹ ተኝተዋል?»

«አልኩህ እኮ፣ ተኝተዋል።»

ብርጭቆውን ጠርጎ ኪሱ ከተተና ወደ ግቢዬ መራመድ ጀመረ። ተከተልኩት። ሁለቱ በርሜሎች ግቢው መሀል ቆመዋል። ላያቸው ላይ፣ የክዳኑ ዙሪያ ሳህን ይመስላልና፣ የዝናብ ውሃ ተኝቶበታል፤ የጤፍ ገለባ ይንሳፈፍበታል። ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ።

«በርሜል ይተነፍሳል» አለ። «ቀን ሲሞቅ ያስወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይስባል። የሚስበው ላዩ ላይ ያገኘውን ነው።»

«አላወቅኩም» አልኩት። ይሄ እውነት ነው። ግን ዘገየ።

«ይሁን።»

«ሳታይ ብትነሳ ኖሮ ምን ትሆን ነበር?»

«ብንነሳ» ብሎ አረመኝ። «ሁለታችን። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ስንደርስ ሞተሩ ይቆማል።»

ባሕር ዛፎቹ ሥር ማን እንደቆመ ሁለታችንም እናውቃለን። አልተናገርነውም።

ከዚያ እጁን ዘረጋ። ለመጨበጥ መስሎኝ የእኔንም ዘረጋሁ። ቁልፏን ነው የፈለገው።

«ስለ ውሃው አይደለም» አለኝ። «ውሃ ሁልጊዜ ይገባል፤ የምፈትሸው ለዚያ ነው። የዛሬውንም አገኘሁት። አፍስሰን አጥበናት ነገ እንበርር ነበር፣ አንተም ወንበርህ ላይ ትቀመጥ ነበር። ተኝተዋል ያልከኝን ግን በምን ልፈትሸው?»

ቁልፏን ከመጋዘኔ ቁልፍ ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ። ቆሞ ጠበቀኝ፤ አላጣደፈኝም።

ሁለት ቀን ሙሉ ማጠራቀሚያዋን ሲያጥብ ዋለ። ድርጅቱ ሌላ ነዳጅ በሌላ ሰው አስመጣ፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር አዛወሩት። የሄደ ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ዞራት። እኔ ከአጥሬ ውስጥ ሆኜ አየሁት። ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር። ብጠራው ወደ በሩ እንደሚመለስና አንድ ዙር እንደሚጨምርልኝ አውቃለሁ፤ ለዚያ ብቻ ስል ልጠራው ፈልጌ ነበር። አልጠራሁትም። ሲጨርስ ገባና ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ከባሕር ዳር እየተነሳች ካርታዋን ስታነሳ ድምጿ ከላዬ ያልፍ ነበር። ቅቤ እየመዘንኩ ድምጿን ስሰማ እጄ ይቆማል። ደንበኛው ሚዛኑን የማጭበረብር ይመስለዋል።

ሽማግሌ መላክ ያውቅበታል አገራችን። የኔታን ለመንኳቸው። አጠገቤ ሆነው በስልክ አናገሩት። እሳቸው ሲናገሩ ቆይተው ሰሙት፣ ብዙ ሰሙት፣ ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ፤ ተዘግቷል።

«ይቅር ብያለሁ ብሏል» አሉኝ። «ቂም የለብኝም ብሏል። እኔም አምኜዋለሁ።»

«ይመጣል ታዲያ?»

«እሱን አላለም።»

«እርስዎ አልጠየቁትም?»

«ጠየቅኩት እንጂ። ‹አባባ፣ አንተው ፍረድ፤ ቃሉ የማይፈተሽ ሰው ጋ አልበላም› አለኝ።» መቋሚያቸውን ደገፍ ብለው «አሁንም አንተ ነው የሚለኝ» አሉ። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

አሁን ሜዳው አስፋልት ሆኗል፣ አጥሩም ሽቦ ነው። ጠዋት ወደ መጋዘኔ ስሄድ መንገዴ ባይሆንም በዚያ በኩል እዞራለሁ። አውሮፕላን ያለ ቀን ሽቦውን ይዤ እቆማለሁ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ይዞራታል፣ ጎማዋን ያያል፣ ሆዷ ሥር ያጎነብሳል። ሰው እንዳይጠራው እፈራለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ማፏጨት ሲጀምር ክንዱን ያዝኩት። «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «እየቆጠረ ነው» አልኩት። እብድ መሰልኩት መሰለኝ፣ ሄደ። እኔ ዙሩ እስኪያልቅ ቆምኩ።

ቅቤ ላይ አሁን ለሁሉም እንጨት እሰካለሁ፤ ለአጎቴም ሰክቻለሁ፣ አኩርፎኛል። ለሚገዛኝም እንጨቱን እኔው አቀብለዋለሁ። «ሰካበት፣ እስከ መሀሉ» እላለሁ። ሰዉ ይሄን እንደ አዲስ የንግድ ዘዴ ነው ያየው። ይጠቅም አይጠቅም አልመረመርኩትም።

ልጁ አራት ዓመት ሆኖታል። የክርስትና አባቱ ለጥምቀትና ለፋሲካ ልብስ በአውቶቡስ ይልክለታል፤ ልኩን በስልክ ጠይቆ ነው፣ አንድም ቀን ጠቦት ወይም ሰፍቶት አያውቅም። የሚደውለው በሚስቴ ስልክ ነው። ልጁ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሲያወራው እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሳቁን እሰማለሁ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥም ይታየኛል። ባለፈው ፋሲካ ልጁ ሳላስበው ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው። ያዝኩት። «አበልጄ» አልኩ። ወዲያ ማዶ ሲተነፍስ ሰማሁት። «በርሜሎቹ ቆመው ነበር» አልኩት። አራት ዓመት የፈጀብኝ ቃል ነው።

«አውቃለሁ» አለ። «አይቻቸዋለሁ እኮ።» ከዚያ «ልጁን ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት።

ሰውዬው ደኅና ነው፤ ይበርራል። ለልጁ ይደውላል። እኔን ይቅር ብሎኛል። አይመጣም።